ለጥላማ ጓሮ የትኛው ተክል? ደረቁን ጥላ ከእርጥቡ ለይቶ መምረጥ

በጥላ ሥር ከሚጠወልጉ ተክሎች ብዙዎቹን የሚገድላቸው የብርሃን እጥረት ሳይሆን ጥም ነው። ይህን የተረዳሁት ሃይድሬንጃ የሚባለውን አበባማ ቁጥቋጦ ሦስት ጊዜ ተክዬ ሦስቱንም ካጣሁ በኋላ ነው። ከቤቴ ጀርባ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ከሥሩ ያለው መሬት ባዶና አቧራማ ስለነበር ‹‹ጥላ ይወዳል›› የተባለውን ተክል ገዝቼ፣ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ አፈሩን በኮምፖስት አለስልሼ ተከልኩ። በመጀመሪያው ሞቃት ወቅት ቅጠሎቹ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ይዝለፈለፉ ነበር። ጥላው በዛባቸው ብዬ የዛፉን ቅርንጫፎች አሳሳሁ፤ ባሰባቸው። በመጨረሻ የሞተውን ሦስተኛውን ተክል ስነቅለው በጉድጓዱ ውስጥ የሃይድሬንጃው ሥር ብቻውን አልነበረም። የዛፉ ቀጫጭን ሥሮች እኔ ያለሰለስኩትን አፈር እንደ መረብ ሞልተውታል። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሳጠጣ የነበረው ዛፉን ነው።

ስለዚህ እዚህ ተክሎችን የማነጻጽረው አበባቸውን ከአበባቸው በማስተያየት አይደለም። አስቀድመው የሚመለሱ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ጓሮው ውስጥ ስንት ሰዓት ብርሃን ይገባል? አፈሩስ እርጥበት ይይዛል ወይስ አይይዝም? ከሁለቱ ሁለተኛው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ብርሃን የጎደለው ተክል አበባው ይቀንሳል፣ ይመነምናል፣ ወደ ብርሃኑ ይዘማል፤ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይቆያል። ውሃ የጎደለው ግን በአንድ ወቅት ያልቃል።

ጥላውን መለካት

በችግኝ ጣቢያዎች ምልክት ላይ የሚጻፈው ክፍፍል በግምት ይህን ይመስላል፦ በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ሙሉ ፀሐይ ይባላል፤ ከ3 እስከ 6 ሰዓት የሚያገኘው ከፊል ጥላ ነው፤ ከ3 ሰዓት በታች የሆነው ደግሞ ሙሉ ጥላ። ቁጥሩ ጥሩ መነሻ ነው፤ ነገር ግን የፀሐዩን ሰዓት እንጂ የፀሐዩን ዓይነት አይናገርም። የማለዳ ፀሐይ ለስላሳ ነው፤ አየሩም ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ቅጠል አያቃጥልም። ሦስት ሰዓት የማለዳ ፀሐይ ለአብዛኛው ጥላ ወዳድ ተክል በረከት ነው። ያው ሦስት ሰዓት ከቀትር በኋላ ሲሆን ግን ስስ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች ጠርዝ ጠርዛቸውን ያሳርራል።

በዛፍ ቅጠሎች መካከል እንደ ወንፊት እየተንጠባጠበ የሚወርደው ብርሃን ሌላ ነው። በሰዓት ለመቁጠር ያስቸግራል፤ ሆኖም ለተክል ከሁሉም የሚመቸው ጥላ እሱ ነው፤ ብዙዎቹ ጥላ ወዳዶች የመጡት ከጫካ ወለል ነውና። የረጅም ግድግዳ ጥላ ግን ወጥና ቀዝቃዛ ነው። በላዩ ክፍት ሰማይ ካለ ብሩህ ጥላ ይሆናል፤ በሁለት ሕንጻዎች መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ከሆነ ደግሞ እውነተኛ ጨለማ ነው።

አንድ የዕረፍት ቀን መርጠው ከጠዋት እስከ ማታ በየሰዓቱ ጓሮውን ይመልከቱ፤ ፀሐይ የነካውን ቦታ በወረቀት ላይ ይሣሉ። ይህን በአንድ ወቅት ብቻ አድርገው አይርኩ። ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ ከፍታዋንና መውጫዋን ትቀይራለች። ከምድር ወገብ ርቆ በስተሰሜን ላለ ቤት ሰሜናዊው ግድግዳ፣ በስተደቡብ ላለ ደግሞ ደቡባዊው ግድግዳ አብዛኛውን ዓመት በጥላ ይቆያል። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ግን ጥላው በዓመት ውስጥ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ስለሚሻገር አሁን ጥላማ የሆነው ጥግ ከወራት በኋላ በፀሐይ ሊጋይ ይችላል። ቅጠሉን የሚያረግፍ ዛፍ ካለም እንዲሁ ነው፤ ቅጠሉ በረገፈበት ወቅት ከሥሩ ያለው ቦታ ብርሃን ያገኛል።

ከዚያ ወደ አፈሩ። ዝናብ ወይም ውሃ ማጠጣት ካለፈ ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ባላቸው ቦታዎች 20 ሳንቲሜትር ቆፍረው አፈሩን በእጅዎ ይጨብጡ። ተጨብጦ ቅርጹን ከያዘና ቀዝቀዝ ካለ እርጥብ ጥላ አለዎት። እንደ ዱቄት ከተበተነ ደረቅ ጥላ ነው። ጉድጓዱን በውሃ ሲሞሉት ግማሽ ቀን ያህል ቆሞ ካልሰረገ ደግሞ ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ውሃ የሚያቁር ጥላ። በቤት ግድግዳ ሥር ያለውን መሬት ለብቻው ይፈትኑ። ግድግዳና የጣራ ክፈፍ ዝናብ ስለሚከለክሉ አካባቢው እርጥብ በሆነ ጊዜ እንኳን እዚያ ያለው አፈር ደርቆ ይገኛል። ተክል ከግድግዳ ቢያንስ 45 ሳንቲሜትር ራቅ ብሎ ቢተከል የሚሻለው ለዚህ ነው።

ደረቅ ጥላ፦ በትልቅ ዛፍ ሥር

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ብዙ የምለውም ስለዚህ ነው። የዛፍ ሥር ወደታች እንደ ችካል የሚወርድ ይመስለናል። እውነቱ ግን አብዛኛው የዛፍ ሥር በላይኛው 60 ሳንቲሜትር አፈር ውስጥ ነው የሚገኘው። ውሃና ምግብ የሚመጥጡት ቀጫጭኖቹ ሥሮች ደግሞ ከዚያም ይበልጥ ለገጹ ይቀርባሉ፤ ከቅርንጫፎቹ ጫፍም አልፈው ይዘረጋሉ። እዚያ የሚተከል ተክል ከዚህ ሁሉ ጋር ይሻማል ማለት ነው።

ለዚህ ቦታ አራት ተክሎችን አወዳድራለሁ።

ጀራኒየም ማክሮራይዙም የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። በማሰሮ የሚተከለው ቀይ አበባ ያለው የተለመደው ‹‹ጀራኒየም›› በትክክለኛ ስሙ ፔላርጎኒየም ነው፤ ይህኛው የእሱ ዘመድ እንጂ እሱ አይደለም። ወፍራም የመሬት ውስጥ ግንድ ስላለው ድርቅ ይችላል። ቅጠሉ ሲነካ ጠንካራ ሽታ ያወጣል፤ መሬቱን አጥብቆ ስለሚሸፍን አረም እንኳን ዕድል አያገኝም። ከተባዛ በኋላ እየገነጠሉ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር እጅግ ቀላል ነው። ደካማ ጎኑ ሙቀትና እርጥበት አየር ተደራርበው በሚበረቱበት ቆላ አለመመቸቱ ነው።

ኤፒሜዲየም ከእሱ ይበልጥ ያምራል። የልብ ቅርጽ ያላቸው ቅጠሎቹ ሲያቆጠቁጡ ብዙ ጊዜ ነሐስማ ቀለም ይይዛሉ፤ አበባው ቀጭንና እንደ ሸረሪት የተንጠለጠለ ነው። ደረቅ ጥላን ይታገሣል፤ ግን ዝግተኛ ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር ለመሸፈን ዓመታት ይወስድበታል። ሲገዙ ዝርያውን ይጠይቁ፤ ከአውሮፓና ከካውካሰስ አካባቢ የመጡት ከምሥራቅ እስያዎቹ በተሻለ ድርቅ ይችላሉ። ትዕግሥት ያለው ሰው ኤፒሜዲየምን ይምረጥ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ባዶ መሬት ማየት የማይፈልግ ጀራኒየሙን ይምረጥ። እኔ ሁለቱንም እየቀላቀልኩ እተክላለሁ፤ ጀራኒየሙ ሲፋፋ ግን ዝግተኛውን እንዳይውጠው በየዓመቱ ጠርዙን እቆርጣለሁ።

ውርጭ በማይነካው አገር ላሉ ሰዎች ክሊቪያና አስፒዲስትራ አሉ። ክሊቪያ የደቡባዊ አፍሪካ ጫካዎች ተክል ነው። ሥሩ ሥጋማ ስለሆነ ውሃ ያጠራቅማል፤ ብርቱካንማ አበባው ጨለማ ጥግን እንደ ፋኖስ ያበራል። ቦታውን ማናወጥ አይወድም፤ ከተተከለ በኋላ ቢጨናነቅም ይተዉት። በደንብ የሚያብበው ቀዝቀዝና ደረቅ ያለ የዕረፍት ጊዜ ካሳለፈ በኋላ ነው። ከዘር የተጀመረ ክሊቪያ ለማበብ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የጎለመሰ ቁጥቋጥ ተገንጥሎ ቢገኝ ይሻላል። አስፒዲስትራ ደግሞ አበባው አይታይም ማለት ይቻላል፤ በአፈሩ ገጽ ላይ ተደብቆ ያብባል። የሚተከለው ለረጅሙ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሉ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ በጋዝ መብራት ጭስ በተሞሉ ጨለማ ሳሎኖች ሳይቀር ይኖር ነበር፤ በእንግሊዝኛ ‹‹የብረት ተክል›› የሚል ስም ያወጡለትም ጽናቱን አይተው ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ ግን ቅጠሉን ያነጣዋል፣ ያቃጥለዋልም። ከሁለቱ ቀለም ለሚፈልግ ክሊቪያ፣ ጨለማው ለባሰበትና እንክብካቤ ለማይመቸው አስፒዲስትራ።

አሁን ስለማልመክራቸው። የእንግሊዝ አይቪና ቪንካ የሚባሉት መሬት ለመሬት የሚሳቡ ተክሎች ደረቅ ጥላን ከማንም በላይ ይሸፍናሉ፤ በርካሽም ይገኛሉ። ችግሩ እዚያው አለመቆማቸው ነው። አይቪ በሰሜን አሜሪካ ብዙ ጫካዎችን ወርሮ ዛፎችን ሲያንቅ ኖሯል፤ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ሽያጩ ተከልክሏል። በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ ደግሞ ትራደስካንቲያ ፍሉሚነንሲስ የተባለው ሐረግ የጫካ ወለል ሸፍኖ የአገሬው ዛፎች ችግኝ እንዳይበቅል ያደርጋል። ቁራጩ በወደቀበት ሥር ይሰዳል። በጓሮ ጥግ የተጀመረ ነገር ወንዝ ዳር ሊደርስ ይችላል። ፈጥኖ መሬት የሚሸፍን ተክል ሲቀርብልዎ በአካባቢዎ ወራሪ ተብሎ የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን ሳያረጋግጡ አይውሰዱ።

በዛፍ ሥር የአተካከል ዘዴው ከተክሉ ምርጫ እኩል ይመዝናል። ትልቅ ጉድጓድ የሚፈልግ ትልቅ ችግኝ አይግዙ፤ በጣም ትንሹን ይግዙ። በእጅ መትከያ አካፋ በሥሮቹ መካከል ክፍት ኪስ ይፈልጉ። የጣት ውፍረት ያለው ሥር ካጋጠመ ቦታ ይቀይሩ እንጂ አይቁረጡት። በዛፉ ሥር ላይ አዲስ አፈር ከምሮ መደብ መሥራት ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነው፤ ወፍራም አፈር ሥሮቹን አየር ይነሣል፣ በግንዱ ላይ የተከመረው ደግሞ ቅርፊቱን ያበሰብሳል። ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር የሚሆን የደረቀ ቅጠል ጉዝጓዝ ይበቃል፤ ከግንዱም ገለል ይበል።

እርጥብ ጥላ፦ ሆስታ፣ ፈርን ወይስ አስቲልቢ?

እርጥበት የሚይዝ ጥላ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ምርጫው ሰፊ ነው፤ የሚያመነታውም ብዙ ስለሚያምር ነው።

ሆስታ በጥላ ተክሎች ዘንድ የታወቀው ስም ነው። መነሻው ቻይና፣ ኮሪያና ጃፓን ሲሆን ቅጠሉ ከመዳፍ ያነሰም፣ ከሰሐን የሰፋም አለ። ቀለሙን ማንበብ ከተማሩ ምርጫው ይቀልላል። ሰማያዊማ ቅጠል ያለው ሆስታ ቀለሙን ያገኘው በቅጠሉ ላይ ካለ የሰም ሽፋን ነው፤ ፀሐይና ሙቀት ሲበዛበት ሰሙ ይቀልጥና ተራ አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ ሰማያዊው ለጥልቅ ጥላ ነው። ወርቃማው ግን ቀለሙ እንዲወጣ ጥቂት የማለዳ ፀሐይ ይፈልጋል። ነጭ ጠርዝ ያለው ጨለማን ያበራል፤ ነጩ የቅጠል ክፍል ክሎሮፊል (ቅጠል በብርሃን ምግብ የሚሠራበት አረንጓዴ ነገር) ስለሌለው ግን ተክሉ ከአረንጓዴው ወንድሙ ይልቅ በዝግታ ያድጋል።

የሆስታ ትልቁ ጠላት ቀንድ አውጣና ዛጎል የሌለው ዘመዱ ናቸው። በአንድ ሌሊት ቅጠሉን ወንፊት ያደርጉታል። ቅጠሉ ወፍራምና ሸካራ የሆነ ዝርያ ከስሱ በጣም የተሻለ ይቋቋማል፤ ይህን በችግኝ ጣቢያው በጣትዎ ዳስሰው ማወቅ ይችላሉ። ሌላው ነገር ብዙ ሻጭ የማይናገረው ነው፦ ሆስታ በየዓመቱ ቅዝቃዜ ያለበት የዕረፍት ጊዜ ያስፈልገዋል። ዓመቱን ሙሉ በሚሞቅ አገር ይመነምናል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። እንዲህ ባለ አገር የምትኖሩ ሰዎች በፎቶ ተማርካችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ በቅጠል ውበት የማያንሱ ሌሎች አሏችሁ።

ፈርን ከእነሱ አንዱ ነው። ፈርን አበባ የለውም፤ በቅጠሉ ጀርባ በሚታዩ ቡናማ ነጠብጣቦች ውስጥ ባሉ ስፖሮች (እንደ ዘር በሚያገለግሉ ደቃቅ ብናኞች) ይራባል። (ተባይ መስሏቸው እነዚህን ነጠብጣቦች በመድኃኒት የሚረጩ ሰዎች አይቻለሁ፤ እባክዎ አይርጩ።) ቀንድ አውጣም ከሆስታው ይልቅ ፈርንን ይተወዋል። ግን ‹‹ፈርን›› አንድ ተክል አይደለም፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በጣም ሰፊ ነው። አዲያንተም የተባለው ጥቁር ዘንግና ስስ ቅጠል ያለው ፈርን አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ቅጠሉ ሁሉ ይጨማደዳል። ብርማ ቅጠል ያለው የጃፓን ፈርንም እርጥበት ይሻል። ድርዮፕተሪስ ፊሊክስ ማስ ግን ከተቋቋመ በኋላ ደረቅ ጥላን ሳይቀር ይታገሣል። ሞቃት አገር ላይ ደግሞ ኔፍሮሌፒስ አለ፤ በቀላሉ ይስፋፋል፣ እንዲያውም በአንዳንድ ሞቃት አገሮች አንዳንድ ዝርያዎቹ እንደ ወራሪ ይቆጠራሉ። ቆዳ መሰል የሚያብረቀርቅ ቅጠል ያለው ሲርቶሚየም ሙቀትንም መጠነኛ ድርቀትንም ስለሚችል ለጀማሪ የምመርጠው ፈርን እሱን ነው።

አስቲልቢ እንደ ላባ የቆመ ሮዝ፣ ነጭ ወይም ቀይ አበባ ይሰጣል። በጥላ ውስጥ እንዲህ ያለ አበባ ብርቅ ነው። ይሁን እንጂ ይቅር ባይ ተክል አይደለም፤ አንድ ሳምንት ከተጠማ የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፣ በዚያ ወቅትም አያገግምም። በየጊዜው ውሃ ለማጠጣት ቃል መግባት ካልቻሉ ይተዉት።

በእኔ ግምት እርጥብ ጥላ ያለው፣ ቀዝቃዛ ወቅት በሚያገኝ አገር የሚኖር ሰው ዋናውን ቦታ ለወፍራም ቅጠል ሆስታ፣ መካከሉን ለፈርን ቢሰጥ አይጸጸትም። ሰፊውና ጥቅጥቁ የሆስታ ቅጠል ከተበጣጠሰው የፈርን ቅጠል ጎን ሲቆም ሁለቱም ይደምቃሉ። ውሃ የሚያቁር መሬት ያለው ግን ሆስታውንም አይትከል፤ ሥሩና የግንዱ እምብርት ይበሰብሳል። መጀመሪያ ውሃው የሚወጣበትን ቦይ ያበጅ፣ ወይም ከፍ ያለ መደብ ይሥራ።

ከኋላ የሚቆሙ ቁጥቋጦዎች

ጓሮ ጀርባ ያስፈልገዋል። አጥር የሚሸፍን፣ ለዝቅተኞቹ ተክሎች ዳራ የሚሆን ነገር ከሌለ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል።

ሃይድሬንጃን ብወቅስም እወደዋለሁ። ስሙ ከግሪክኛ ‹‹ውሃ›› እና ‹‹ዕቃ›› ከሚሉ ቃላት የተገኘ ነው፤ የዘሩ ማህደር የውሃ ዕቃ ስለሚመስል ነው እንዲህ የተባለው፤ እኔ ግን ከነጥሙ ነው የማስታውሰው። የማለዳ ፀሐይና እርጥብ አፈር ካለ ወደር የለውም። ትልቅ ቅጠሉ ሃይድሬንጃ አበባው ሰማያዊ ወይም ሮዝ የሚሆነው እንደ አፈሩ ነው፦ አፈሩ አሲዳማ ሲሆን አሉሚኒየም በቀላሉ ወደ ተክሉ ይገባና አበባው ይሰማያል፤ አልካላይን ሲሆን ሮዝ ይሆናል። ነጩ አይቀየርም። ብዙ ሰው ‹‹ለምን አያብብልኝም?›› የሚለው ቅርንጫፍ ሲገርዝ በሚሠራው ስሕተት ነው። ይህ ዓይነት የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ከማበቡ በፊት የገረዘው ሰው እምቡጡን ጥሏል። መግረዝ የሚረሳ ወይም የሚያበዛ ሰው በአዲስ ቅርንጫፍ የሚያብበውን ሃይድሬንጃ አርቦሬሰንስን ይምረጥ። መሬቱ ደረቅ ቢጤ ከሆነ ደግሞ የኦክ ዛፍ ቅጠል የመሰለ ቅጠል ያለው ሃይድሬንጃ ከብዙዎቹ ዘመዶቹ የተሻለ ይችላል።

ካሜሊያ ዓመቱን ሙሉ የሚያብረቀርቅ ቅጠል አለው፤ ከሻይ ተክል ጋርም አንድ ወገን ነው። አሲዳማ አፈር የግድ ነው፤ የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) ከ5.5 እስከ 6.5 ቢሆን ይመቸዋል። እምቡጡን የሚቋጥረው ከማበቡ ከወራት በፊት ስለሆነ በዚያ ጊዜ ከተጠማ እምቡጡ ሳይፈነዳ ይረግፋል። ውርጭ በሚጥልበት አገር በማለዳ ፀሐይ ፊት አይትከሉት፤ የቀዘቀዘው እምቡጥ በድንገት ሲሞቅ ይጠቁራል። አፈርዎ አልካላይን ከሆነ ካሜሊያን በማሰሮ ውስጥ በአሲዳማ አፈር ይትከሉ ወይም ይተዉት፤ የጓሮን አፈር በሙሉ ለአንድ ተክል ብሎ መቀየር ማለቂያ የሌለው ድካም ነው።

ፋትሲያና አውኩባ ለጨለማው ናቸው። ፋትሲያ እንደ ተዘረጋ እጅ የተከፋፈለ ትልቅ ቅጠል አለው፤ ለትንሽ ጓሮ የሞቃት ጫካ ገጽታ ይሰጣል። አውኩባ በቢጫ የተነጠበ ቅጠል ያለው ሲሆን ከሁለቱ ደረቁን ጥላ የበለጠ የሚችለው እሱ ነው። ቀይ ፍሬውን ከፈለጉ ግን ሴቴውን ይግዙ፤ በአቅራቢያ ወንዴ ከሌለ ፍሬ አይዝም። በሁለት ሕንጻዎች መካከል ላለ ጠባብ ጨለማ አውኩባን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ።

የወቅት ቀለም

ጥላ ውስጥ ቀለም በቶሎ የሚያመጡት አንድ ወቅት የሚቆዩት ናቸው። ኢምፔሸንስ ዋሌሪያና መነሻው ምሥራቅ አፍሪካ ሲሆን፣ በጥላ ያለ ዕረፍት ከሚያብቡት ዋነኛው ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2011 ገደማ ጀምሮ ዳውኒ ሚልዲው የተባለ በሽታ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የዚህን አበባ መደቦች በስፋት አጥፍቷል፤ በሽታው በአንድ መሬት ከታየ በቀጣዮቹ ዓመታት ሊመለስ ይችላል። የቅጠሉ ጀርባ ነጭ ብናኝ ካበቀለ ተክሉን ነቅለው ያስወግዱ፤ በዚያው ቦታም መልሰው አይትከሉ። የኒው ጊኒ ኢምፔሸንስ ይህን በሽታ በደንብ ስለሚቋቋም የተሻለ ምትክ ነው፤ ብርሃን ግን ትንሽ ይበልጥ ይፈልጋል።

ኮሊየስና ካላዲየም የሚወዳደሩት በቅጠል ነው። ኮሊየስ ከተቆረጠ ጫፉ በውሃ ውስጥ እንኳን ሥር ይሰዳል፤ ስለዚህ አንድ ገዝቶ አሥር ማድረግ ይቻላል። አበባውን ሲያወጣ ጫፉን ይቀንጥሱት፤ ቅጠሉ ይበዛል። ካላዲየም ከድንች መሰል ሥር የሚወጣ የልብ ቅርጽ ያለው፣ በነጭ፣ በሮዝና በቀይ የተሣለ ቅጠል አለው። ከኮሊየሱ ይበልጥ ያስደንቃል። ነገር ግን ሙቀት ወዳድ ነው፤ በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ቅዝቃዜ ሲመጣም ተቆፍሮ ደረቅ ቦታ መቀመጥ አለበት። እንዲህ ያለ ሥራ የማይሰለቸው ሰው ይትከለው፤ ሌላው ኮሊየስ ይበቃዋል።

ሣሩን መተው

ስለ ሣር አጭር ነገር ልበል። በሙሉ ጥላ ውስጥ ለምለም ሣር ለማግኘት መታገል ገንዘብና ጉልበት ማባከን ነው። ወንፊት በመሰለ ጥላ ውስጥ ቀጭን ቅጠል ያላቸው የፌስኪዩ ሣሮች፣ ሞቃት አገር ደግሞ የቅዱስ አውግስጢኖስ ሣር የሚባለው ይሞከራሉ፤ ሁለቱም ከሌሎች ሣሮች በተሻለ ጥላ ይችላሉ። ከዚያ በታች ላለ ብርሃን ሞንዶ ሣር ይተኩ፤ በስሙ እንጂ በወገኑ ሣር አይደለም፣ አጨዳም አይፈልግም፤ ይሁን እንጂ ለመስፋፋት ዘገምተኛ ነው፣ በየቀኑ የሚረገጥ ከሆነም አይችልም። አጁጋ ፈጣን ነው፣ ሰማያዊ አበባም ይሰጣል፤ ሆኖም እርጥበት ይፈልጋል፣ ወደ አጎራባች ሣርም ሾልኮ ይገባል። ሰው የሚመላለስበትን መስመር በጠጠር ወይም በንጣፍ ድንጋይ ማበጀት ከሁሉም ይሻላል።

ልጆችና የቤት እንስሳት ካሉ

ይህን ከመግዛት በፊት ይመልከቱት፤ እኔ በጣም አስፈላጊ ከምላቸው ነገሮች አንዱ ነውና። ክሊቪያ፣ ሃይድሬንጃና አይቪ ከተበሉ ይመርዛሉ። ካላዲየም እንደ መርፌ የሚወጋ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታል ስላለው አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ሆስታ ለውሻና ለድመት አይስማማም። በጥላ ከሚተከሉት ሁሉ ‹‹የሸለቆ አበባ›› የሚባለው ኮንቫላሪያ በተለይ አደገኛ ነው፤ ልብ ላይ የሚሠራ መርዝ አለው፣ ቀይ ፍሬውም ሕፃናትን ይስባል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ጓሮ ውስጥ ቦታ ባይሰጠው እመርጣለሁ። አስፒዲስትራ፣ ካሜሊያ፣ ኢምፔሸንስና ኔፍሮሌፒስ ፈርን ግን ለውሻም ለድመትም መርዛማ ካልሆኑት መካከል ናቸው። ቅጠል የሚያኝክ ድመት ያለው ሰው ከእነዚህ ቢጀምር ልቡ ያርፋል።

ከመረጡ በኋላ

አንድ ዓይነት ተክል በየጥጉ አንድ አንድ እያደረጉ አይበትኑ። ጥላ ውስጥ ዓይን የሚይዘው ስብስብ ነው፤ ሦስት ወይም አምስት ሆነው አብረው ሲቆሙ ቅጠላቸው አንድ ቅርጽ ይሠራል። ጥቁር ቀይና ሐምራዊ ቀለም በጨለማ ውስጥ ይጠፋል፤ ከቤት ርቆ ባለው ጥግ ነጭ፣ ክሬምና ፈዛዛ ቢጫ ያኑሩ። ጥቁር ቀይ ቅጠል ያለው ሄውኬራ ካለዎት በመንገዱ ዳር፣ በቅርብ በሚታይበት ይትከሉት።

ማዳበሪያ አያብዙ። በጥላ ያለ ተክል የሚያድገው በዝግታ ስለሆነ ብዙ ናይትሮጂን ሲሰጠው ለስላሳና ዘማሚ ቅጠል ያወጣል፤ ያ ደግሞ የቀንድ አውጣ ድግስ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የኮምፖስት ሽፋን ለአብዛኛው ይበቃል።

መትከያው ጊዜ ዝናብ ወይም ቀዝቃዛ ወቅት ሲገባ ነው። መሬት ሸፋኞቹን ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር አራርቀው ይትከሉ፤ መጀመሪያ ባዶ መስሎ ቢታይም አይጨነቁ። በዛፍ ሥር ያሉትን ከሌላው ሁሉ ለይተው ያጠጡ፤ ድርቅ ይችላሉ የተባሉት እንኳን ድርቅ የሚችሉት ሥር ከሰደዱ በኋላ ነው፣ ያም እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል። በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ጠልቆ እስኪሰርግ ማጠጣት ይሻላል። እኔ አሁን ከማጠጣቴ በፊት ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ እሰዳለሁ፤ ጫፉ እርጥበት ካገኘ ጎማውን ሳልከፍት እመለሳለሁ። ሃይድሬንጃ ሞቶበት በነበረው በዚያ ዛፍ ሥር ዛሬ ጀራኒየምና ኤፒሜዲየም መሬቱን ሸፍነውታል። አዲሱ ሃይድሬንጃ ደግሞ ከዛፉ ርቆ፣ የማለዳ ፀሐይ በሚነካው በምሥራቁ ጥግ ቆሟል።